የሰርግ ሌንስዎ ዋልያንም ያያል፦ ቴሌፎቶ ሌንስን ወደ ቴሌስኮፕ መለወጥ

ከ70 እስከ 200 ሚ.ሜ የሚሄድ፣ ኤፍ 2.8 የሆነ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል) ሌንስ ከሰርግ ፎቶ አንሺ ቦርሳ አይጠፋም። ሁዳዴ ሲገባ ሰርጉ ይቆማል፤ ሌንሱም እስከ ፋሲካ ተኝቶ ይከርማል። ወቅቱ ግን ብዙውን ጊዜ መንገዱ የደረቀበት፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ባሌ ለመውጣት የሚመች ነው። ያ የተኛ ሌንስ ከኋላው አንድ ትንሽ ነገር ቢጨመርለት ከ7 እስከ 20 እጥፍ የሚያጎላ፣ ብርሃኑ የሞላ ቴሌስኮፕ ይሆናል። ጥሩ የአራዊት መመልከቻ ቴሌስኮፕ ለብቻው ለመግዛት ከማሰብዎ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን መስታወት መሞከር ያዋጣል፤ የቴሌስኮፕ ውዱ ክፍል የፊተኛው መስታወት ነው፣ እሱ ደግሞ አስቀድሞ ተገዝቷል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሌንሱ የሩቁን ዋልያ ትንሽ ምስል አድርጎ ከኋላው፣ የካሜራው ሴንሰር በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይጥላል። ካሜራው ሲነሳ ምስሉ እዚያው አየር ላይ ይሠራል፤ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ብቻ አይታይም። በዚያ ቦታ ላይ ትንሽ አጉሊ መስታወት አስቀምጠን ዓይናችንን ብናስጠጋ ምስሉን አጉልተን እናየዋለን። ይህ አጉሊ መስታወት አይፒስ ይባላል፤ ለኮከብ ቴሌስኮፕ የሚሸጠው፣ በርሜሉ 31.7 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የተለመደ ዓይነት ይበቃል። ዋጋው ዝቅ ያለና ለዚህ ሥራ የሚመቸው ፕሎስል የሚባለው ነው።

ቁጥሮቹ

ማጉላቱን ለማወቅ የሌንሱን ፎካል ርዝመት (በላዩ በሚ.ሜ የተጻፈውን ቁጥር) በአይፒሱ ፎካል ርዝመት ማካፈል ነው። 300 ሚ.ሜ ሌንስ ከ10 ሚ.ሜ አይፒስ ጋር 30 እጥፍ፣ ከ20 ሚ.ሜ ጋር 15 እጥፍ፣ ከ25 ሚ.ሜ ጋር 12 እጥፍ ያጎላል።

ከማጉላቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ነው። ሌንሱን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረው ከአይፒሱ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ቢያዩ፣ በአይፒሱ መስታወት መካከል ትንሽ ነጭ ክብ ያያሉ። የክቡ ስፋት የአይፒሱ ፎካል ርዝመት ለሌንሱ ኤፍ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኤፍ 4 ሌንስ ከ10 ሚ.ሜ አይፒስ ጋር 2.5 ሚ.ሜ፣ ከ20 ሚ.ሜ ጋር 5 ሚ.ሜ ይሰጣል። ቀትር ላይ የዓይናችን ብሌን ስለሚጠብ 2 ሚ.ሜ ይበቃል። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ማለትም አውሬው ራሱ በሚወጣበት ሰዓት፣ 4 ሚ.ሜ አካባቢ ያስፈልጋል። ከ1.5 ሚ.ሜ በታች ሲሆን ምስሉ ይጨልማል፤ ማጉላቱ ቢጨምርም ከበፊቱ የበለጠ ዝርዝር አይታይም።

በዚህ መለኪያ የተለመዱትን ሌንሶች እንያቸው። 70-200 ኤፍ 2.8 ከ10 ሚ.ሜ አይፒስ ጋር ከ7 እስከ 20 እጥፍ ይሄዳል፤ ዙም ቢደረግም ክቡ ሁልጊዜ 3.6 ሚ.ሜ ነው። በሰፊው መፈለግ፣ ሲገኝ ማስጠጋት ስለሚያስችል ለአራዊት በጣም ይመቻል። 300 ኤፍ 4 በእኛ ግምት ከሁሉም የተመጣጠነው ነው። 400 ኤፍ 5.6 ከ20 ሚ.ሜ ጋር 20 እጥፍና 3.6 ሚ.ሜ ክብ፣ ከ10 ሚ.ሜ ጋር 40 እጥፍና 1.8 ሚ.ሜ ይሰጣል። ርካሹ 70-300 ጫፉ ላይ ኤፍ 5.6 ስለሆነ ቀን ላይ 30 እጥፍ ይችላል፣ ማለዳ ላይ ግን ይከብደዋል። 500 ኤፍ 8 ባለ መስታወት ሌንስ (ከፊቱ መሐል ላይ ጥቁር ክብ ያለው አጭሩ ዓይነት) ቀላልና ርካሽ ሲሆን የቀለም ጥላ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ከ20 ሚ.ሜ አይፒስ ጋር 25 እጥፍ ይሁን እንጂ ከ10 ሚ.ሜ ጋር አይሞክሩት፣ ክቡ 1.25 ሚ.ሜ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ቁጥር የሚታየው ሜዳ ስፋት ነው። የተለመደው ፕሎስል 50 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ ያንን ለማጉላቱ ያካፍሉ። በ15 እጥፍ 3.3 ዲግሪ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 58 ሜትር የሚሆን ቦታ በአንዴ ይታያል ማለት ነው። በ30 እጥፍ ወደ 29 ሜትር ይጠብባል። ገደል ላይ ዋልያ ለመፈለግ ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ስለዚህ አንድ አይፒስ ብቻ የሚገዛ ሰው 20 ሚ.ሜውን ይግዛ።

የትኛው ሌንስ ይሆናል፣ የትኛው አይሆንም

ለድሮዎቹ ባለ መስታወት ካሜራዎች (ኤስኤልአርና ዲኤስኤልአር) የተሠሩ ሌንሶች ምቹ ናቸው። ምክንያቱ ከሌንሱ መግጠሚያ ብረት እስከ ምስሉ ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ነው። በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚ.ሜ፣ በካኖን ኢኤፍ 44 ሚ.ሜ፣ በፔንታክስ ኬ እና በኤም 42 ባለ ጥርስ ሌንሶች 45.46 ሚ.ሜ ነው። አይፒሱ የሚገባው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ለመስታወት አልባዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች በተሠሩት ሌንሶች ይህ ክፍተት አጭር ነው፤ ሶኒ ኢ 18 ሚ.ሜ፣ ካኖን አርኤፍ 20 ሚ.ሜ፣ ኒኮን ዜድ 16 ሚ.ሜ። የአይፒሱ በርሜል ሲገባ የሌንሱን የኋላ መስታወት ሊነካ ይችላል። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ ፎከሳቸው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ካሜራው ከሌለ የፎከስ ቀለበቱ ቢሽከረከርም ምንም አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ሌንስ ያለዎት ከሆነ ካሜራውን ራሱን መመልከቻ ያድርጉት። 400 ሚ.ሜ በፉል ፍሬም ካሜራ፣ የቪውፋይንደሩ (ዓይን የሚጠጋበት መስኮት) ማጉላት 0.7 ከሆነ፣ ለዓይን 5.6 እጥፍ ይሰጣል። የፎከስ ማጉያውን ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ 5 ወይም 10 እጥፍ ይጨምራል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ሁለት ትርፍ ይያዙ።

ከካኖን ኢኤፍም መጠንቀቅ ያለባቸው አሉ። ኤስቲኤም የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁሉ ያለ ኤሌክትሪክ ፎከስ አያደርጉም። ሌንሱን ከካሜራው አውጥተው የፎከስ ቀለበቱን ያዙሩ፤ በፊት ወይም በኋላ ያለው መስታወት ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም በርቀት ማሳያው መስኮት ውስጥ ያለው ቁጥር ከዞረ፣ ይሠራል።

አፐርቸሩ (በሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን ቀዳዳ) መከፈቱን ደግሞ ከፊት ወደ ውስጥ በማየት ያረጋግጡ። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ከካሜራ ሲወጣ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የኒኮን ሌንስ ቀለበት ያለው ከሆነ ቀለበቱን ወደ ትንሹ ቁጥር ያዙሩት። ቀለበት የሌላቸው የኒኮን ጂ ሌንሶች ግን ከካሜራ ሲወጡ ይዘጋሉ፤ ከኋላ ያለችው ትንሽ ብረት ምላስ ተገፍታ መያዝ አለባት። ኤም 42 ሌንሶች ላይ "ኤ" እና "ኤም" የሚል ማብሪያ ካለ ወደ "ኤም" አድርገው የአፐርቸር ቀለበቱን ወደ ትንሹ ቁጥር ያዙሩት።

ኤም 42 ስንል ግን አንድ ወጥመድ አለ። ባለ መስታወት ሌንሶች ብዙ ጊዜ ቲ 2 በሚባል ጥርስ ይመጣሉ፤ እሱም 42 ሚ.ሜ ስፋት አለው፣ ጥርሱ ግን 0.75 ሚ.ሜ እየተራመደ ነው የሚሄደው። የኤም 42 ደግሞ 1 ሚ.ሜ ነው። አንዱ በሌላው ላይ አንድ ዙር ያህል ገብቶ ይይዛል። በጉልበት ማዞር ጥርሱን ያበላሻል። የቲ 2 ክፍተት 55 ሚ.ሜ መሆኑንም ያስታውሱ።

የተገለበጠው ምስል

በቀጥታ አይፒስ የተገጠመለት ሌንስ ዓለምን ገልብጦ ያሳያል፤ ሰማዩ ከታች፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። በገበያ ላይ ይህን የሚያቀኑ ዝግጁ መሣሪያዎች አሉ። ኒኮን ሌንስ ስኮፕ ኮንቨርተር የሚባል፣ ኬንኮ ደግሞ ሌንስ ቱ ስኮፕ የሚባል ሠርተዋል። ሁለቱም በውስጣቸው ፕሪዝምና አይፒስ አላቸው፤ አይፒሱ 10 ሚ.ሜ ከሆነ የሌንስዎን ርዝመት ለ10 ማካፈል ብቻ ነው። የኒኮኑ የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ነው። ሲገዙ ከሌንስዎ መግጠሚያ ጋር የሚስማማውን ይምረጡ፤ ሻጩ ፕሪዝሙ ላይ ሻጋታ እንደሌለ በመብራት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ለኮከብ ቴሌስኮፕ የሚሸጠውን 45 ዲግሪ የሚያጥፍ ምስል አቃኚ ፕሪዝም ገዝቶ በመካከል ማስገባት ብዙ ሰው የሚሞክረውና የሚከሽፍበት ነው። ፕሪዝሙ ውስጥ ብርሃኑ የሚሄደው መንገድ ካለን 44 ወይም 46.5 ሚ.ሜ ይበልጣል። ትርፉ 40 ሚ.ሜ ቢሆን 300 ሚ.ሜ ሌንስ የሚያየው 3 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ 600 ሚ.ሜ ሌንስ እንኳ ከ10 ሜትር ገደማ አያልፍም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሌንሱ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ ለትርፉ ይካፈል፣ በሚገኘው ላይም የሌንሱ ርዝመት ሁለት ጊዜ ይደመር።

የተገለበጠ ምስል ለማይንቀሳቀስ ነገር ብዙ አያስቸግርም። በገደል ላይ ጎጆ የሠራ ጥንብ አንሳ፣ ሣር የሚነቅል የጭላዳ መንጋ፣ ሐይቅ ዳር የቆመ ፍላሚንጎ ተገልብጦም ይጠናል። የሚበር ወፍ መከተል ግን ልምምድ ይጠይቃል። በምስሉ ውስጥ ወደ ግራ ከወጣ ሌንሱን ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ወደ ታች ከወጣ ወደ ላይ። ግማሽ ሰዓት ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቢለማመዱ እጅ ራሱ ይለምደዋል።

በቤት ውስጥ መሥራት

ዝግጁ አዳፕተር ከመግጠሚያው ወደ 31.7 ሚ.ሜ የሚያሻግር ይሸጣል። ካልተገኘ የሌንሱ የኋላ ክዳን ይበቃል። የሚያስፈልገው አንድ ትርፍ የኋላ ክዳን፣ አይፒስ፣ 32 ሚ.ሜ ውጫዊ ስፋት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ፣ ጥቂት ኤ4 ወረቀት፣ የእንጨት ኮላ፣ ኤፖክሲ፣ ጥቁር ወረቀትና ካሊፐር ነው። ካሊፐር ከሌለ ጥሩ ማስመሪያ ይሆናል፣ ግን ሚሊ ሜትሯ ወሳኝ መሆኗን አይርሱ።

መጀመሪያ በአይፒሱ በርሜል ውስጥ ከታች በኩል ይመልከቱ። ስለት ያለው የብረት ቀለበት ይታያል፤ በዓይን ሲያዩ የምስሉን ክብ ጠርዝ የሚሠራው እሱ ነው። ሌንሱ የሚጥለው ምስል በትክክል በዚህ ቀለበት ላይ ማረፍ አለበት። ከበርሜሉ ትከሻ (ሰፊው አካል ከሚጀምርበት) እስከ ቀለበቱ ያለውን ጥልቀት ይለኩ።

ቀጥሎ ክዳኑን ሌንሱ ላይ ቆልፈው፣ ከመግጠሚያው ብረት እስከ ክዳኑ ወለል ያለውን ጥልቀት ያግኙ። ምሳሌ እንውሰድ፦ የኒኮን ሌንስ፣ የክዳኑ ጥልቀት 12 ሚ.ሜ፣ ቀለበቱ ከትከሻው 3 ሚ.ሜ ወደ ውስጥ። ትከሻው ከመግጠሚያው 46.5 ሲደመር 3፣ ማለትም 49.5 ሚ.ሜ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ላይ 12 ሲቀነስ ቱቦው 37.5 ሚ.ሜ ይሆናል። እርስዎ ግን 35.5 ይቁረጡት።

ለምን 2 ሚ.ሜ ይቀነሳል? ቱቦው ካጠረ አይፒሱን በጥቂቱ ስቦ ማስተካከል ይቻላል፤ ከረዘመ ግን መፍትሔ የለም። በ300 ሚ.ሜ ሌንስ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ ካለ ከ90 ሜትር በላይ ያለው ሁሉ ደብዛዛ ነው። መነፅር የሚያደርግ ቅርብ ተመልካች መነፅሩን አውልቆ ማየት ከፈለገም አይፒሱ ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት ስላለበት ይህች ትርፍ ታገለግለዋለች።

ለቱቦው የፒቪሲውን ቁራጭ በአንድ ዙር ቀጭን ፌስታል ይሸፍኑ፣ ኮላው እንዳይዘው። ወረቀቱን በ40 ሚ.ሜ ስፋት በረዥሙ ይቁረጡ፤ ስምንት ቁራጭ ያህል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዙር ጥቁር ወረቀት ይሁን። ከዚያ ነጩን ኮላ እየቀቡ አጥብቀው 20 ዙር ያህል ይጠቅልሉ፤ ግድግዳው 2 ሚ.ሜ ይሆናል። ሌሊቱን ይደር። ሲደርቅ ከቧንቧው ያውጡትና በስለታም ምላጭ ዙሪያውን እያዞሩ በልኩ ይቁረጡ። የአይፒሱ በርሜል በቀላል ግፊት ገብቶ በራሱ ክብደት መውደቅ የለበትም፤ ከላላ በርሜሉ ላይ አንድ ዙር ፕላስተር ይጨምሩ።

የክዳኑን መሐል በትክክል ፈልገው የቱቦውን ውጫዊ ስፋት (36 ሚ.ሜ አካባቢ) ክብ ያስምሩ። በጥቃቅን ቀዳዳዎች ዙሪያውን በስተው ይቁረጡ፣ ከዚያ በሞረድ ያስተካክሉ። ቱቦውን ከክዳኑ ወለል የውስጥ ገጽ ጋር እኩል አድርገው በኤፖክሲ ያጣብቁት። ጠመም ካለ የምስሉ አንድ ጎን ጥርት ሲል ሌላው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ኤፖክሲው ከመድረቁ በፊት በማዕዘን ማስመሪያ አራቱንም ጎን ይፈትሹ። ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት መስታወት ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። ክዳኑ የሚሠራው ከሌንሱ ተነጥሎ ነው፤ ብናኙ ካልጠራ በስተቀር አይገጠምም።

ርካሽ ክዳኖች በሰበቃ ብቻ ይይዛሉ። አይፒሱ 100 ግራም ያህል ሊመዝን ስለሚችል መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ክዳኑንና ሌንሱን በአንድ ዙር ፕላስተር ያያይዙ።

ማቆም

በ30 እጥፍ የእጅ መንቀጥቀጥም 30 እጥፍ ይጎላል። የምስል ማረጋጊያው ደግሞ ያለ ካሜራ ኤሌክትሪክ አይሠራም። እንዲያውም ሌንሱን ከማውጣትዎ በፊት ማረጋጊያውን ያጥፉ፣ ድምፁ እስኪቆም ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ካሜራውን አጥፍተው ያውጡ፤ ካለዚያ የማረጋጊያው መስታወት ከመሐል ወጥቶ ሊቀር ይችላል።

ሌንሱ የራሱ የትራይፖድ ቀለበት ካለው በእሱ ይቁም። ካሜራው ስለተነሳ ሚዛኑ ወደ ፊት ያደላል፤ የቀለበቱ እግር ላይ ረዘም ያለ ማንሸራተቻ ካለ ሌንሱን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት። ቀለበት የሌለው ሌንስ በአንድ ወፍራም ጨርቅ ከረጢት ላይ ይተኛ። 2 ኪሎ ባቄላ ወይም ምስር ሦስት አራተኛ ያህል የተሞላበት ከረጢት፣ በመኪና መስኮት ወይም በድንጋይ ላይ፣ ከርካሽ ትራይፖድ በብዙ ይሻላል። ሞተሩ ግን ይጥፋ። ባሌ ውስጥ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ንፋሱ አይቆምም፤ እዚያ የትራይፖዱን መካከለኛ ምሰሶ ሳያወጡ፣ እግሮቹን ዘርጋ አድርገው፣ ቁጭ ብለው ይመልከቱ፣ ከሥሩም ቦርሳዎን ያንጠልጥሉ።

የማነጣጠሪያ ነገር ያስፈልጋል። የለስላሳ መጠጫ ስትሮው ከሌንሱ ጎን ጋር ትይዩ አድርገው በፕላስተር ይለጥፉ። አንድ የሩቅ ምሰሶ በአይፒሱ መሐል ካደረጉ በኋላ በስትሮው ውስጥም እስኪታይ ያስተካክሉት። ያለዚህ፣ በተለይ በተገለበጠ ምስል፣ ገደል ላይ አንድ ዋልያ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

ሲበላሽ

ቅርቡ ጥርት ብሎ ሩቁ ደብዛዛ ከሆነ አይፒሱ ከሌንሱ ርቋል፤ ወደ ውስጥ ይግፉት ወይም ቱቦውን ይከርክሙት። የሩቁ ተራራ ጥርት የሚለው የርቀት ማሳያው 45 ሜትር ላይ ሲሆን ደግሞ፣ በ300 ሚ.ሜ ሌንስ፣ አይፒሱ 2 ሚ.ሜ ያህል ወደ ሌንሱ ቀርቧል፤ ይህ ምንም ጉዳት የለውም፣ የሚቀርበት በጣም ቅርቡን ማየት ብቻ ነው።

ሁሉም ጨለማ ከሆነ አፐርቸሩን ይፈትሹ። ጥቁር ጥላ በምስሉ ውስጥ ሲዋኝ ዓይንዎ በጣም ቀርቧል ወይም ወደ ጎን ወጥቷል። የፕሎስል አይፒስ ዓይን የሚቆምበት ርቀት ከፎካል ርዝመቱ 70 በመቶ ያህል ነው፤ 20 ሚ.ሜው 14 ሚ.ሜ ሲሰጥ 10 ሚ.ሜው 7 ሚ.ሜ ብቻ ይሰጣል። መነፅር የሚያደርግ ሰው በ10 ሚ.ሜው የምስሉን ዳር አያይም። ለእሱ ሁነኛው መንገድ ሁለት እጥፍ ቴሌኮንቨርተር (ከሌንሱ ኋላ ገብቶ ፎካል ርዝመቱን እጥፍ የሚያደርግ) ከ20 ሚ.ሜ አይፒስ ጋር ማድረግ ነው፤ ማጉላቱና የብርሃን ክቡ ያው ሆኖ ዓይን ይመቸዋል።

ቁራ ወይም ንስር በብሩህ ሰማይ ላይ ሲያዩ ዙሪያው ሐምራዊ ጥላ ካለ፣ የሌንሱ የቀለም ስህተት ነው። የካሜራ ሌንስ የተስተካከለው ምስሉን በሴንሰሩ ሙሉ ስፋት ላይ እኩል ጥርት ለማድረግ ነው፤ ቴሌስኮፕ ግን መሐሉን እጅግ ጥርት ለማድረግ ይሠራል። መሐሉን 30 እጥፍ ስናጎላው በፎቶ ላይ የማይታየው ጉድለት ይወጣል። ኢዲ ወይም ፍሎራይት መስታወት ያላቸው ሌንሶች ከዚህ ይሻላሉ። ለሌሎቹ አንድ ደረጃ መዝጋት ይረዳል፤ ለ300 ኤፍ 4 ሌንስ መሐሉ 54 ሚ.ሜ የተቀደደ ጥቁር ካርቶን ከፊት ማድረግ ኤፍ 5.6 ያደርገዋል። በካኖን ኢኤፍ ሌንስ ደግሞ ካሜራው በርቶ ሳለ 5.6 መርጠው፣ የጥልቀት ማሳያውን ቁልፍ እንደተጫኑ ሌንሱን ቢያወጡ አፐርቸሩ እዚያው ላይ ይቀራል።

ዙም ሲደረግ ፎከስ ከጠፋ ሌንሱ አልተበላሸም፤ ብዙ ዙሞች እንዲህ ናቸው፣ እንደገና ፎከስ ያድርጉ። ምስሉ እንደ ፈላ ውኃ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ጥፋቱ የአየሩ ነው። አብጃታና ሻላ ዳር ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ 30 እጥፍ ብዙ አይጠቅምም፤ ወደ 15 ይውረዱ። ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ግን የወፎቹ ላባ ጥርት ብሎ ይታያል።

ወደ ሜዳው

ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ አካባቢ ዋልያ የሚፈለገው በገደሉ ወገብ ላይ ባሉ የሣር መደቦች ነው። ቀለሙ ከድንጋዩ ጋር ስለሚመሳሰል በ12 ወይም በ15 እጥፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መደብ በመደብ፣ በዝግታ ያስሱ። በአንድ ቦታ ላይ ለአሥር ሰከንድ ይቁዩ፤ የሚያሳብቀው የቀንዱ ቅስት ወይም የጆሮ መንቀሳቀስ ነው። ከተገኘ በኋላ ነው 10 ሚ.ሜው የሚገባው።

የባሌው ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን መሆኑ ለተመልካች ትልቅ ዕድል ነው። ሳነቴ ላይ ፍልፈል የሚበዛበትን ሜዳ ፊት ለፊት ይዘው ይቀመጡ። ቀበሮው ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ ሲያደባ ካዩ ሌንሱን አይንኩ፤ መዝለሉ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚሆን ሜዳው ሰፊ የሆነው 20 ሚ.ሜ አይፒስ ይሻላል። ዲንሾ አጠገብ በጋይሳይ የደጋ አጋዘን ማለዳና ማታ ወደ ግልጡ ሜዳ ይወጣል። ለመለማመድ ደብረ ሊባኖስ ገደል ዳር ያሉት ጭላዳዎችና ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ያሉት አባ ኮዳዎች ለሰው ቅርብ ስለሆኑ ተመራጭ ናቸው።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ሳይቀርቡ ማየት ነው። እንስሳው ራሱን ቀና አድርጎ ወደ እርስዎ ማየት ከጀመረ፣ መብላቱን ካቆመ፣ ወይም ወፏ ከጎጆዋ ከተነሳች፣ ቀርበዋልና ወደ ኋላ ይመለሱ። በጣም ጥቂት የቀሩትን ቀይ ቀበሮዎች ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ ማስጨነቅ ግልገሎቻቸውን ወደ ሌላ ቦታ እንዲያዛውሩ ያደርጋቸዋል።

በአይፒሱ ላይ ስልክ አስጠግቶ መቅረጽ ይቻላል። የስልኩ ዋና ካሜራ 26 ሚ.ሜ አቻ ከሆነ በ30 እጥፍ 780 ሚ.ሜ አቻ ይሰጣል። የስልኩ ሌንስ በትክክል ያ ነጭ የብርሃን ክብ ላይ መቆም አለበት፤ በእጅ ከመያዝ የስልክ መያዣ ቅንፍ መግዛት ይሻላል። ተገልብጦ የተቀረጸውን በኋላ በስልኩ ጋለሪ ውስጥ 180 ዲግሪ ማዞር ነው።

በዚህ ሌንስ በጭራሽ ፀሐይን አይመልከቱ፣ ለአንድ ቅጽበትም ቢሆን፤ ዓይንን ያጠፋል። ወፍ እየተከተሉ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ከሄደ ዓይንዎን ከአይፒሱ ያንሱ። ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡም የፊት ክዳኑ ይደረግ፤ ፀሐይ በሌንሱ ፊት ስታልፍ የአይፒሱን ቀለበትና የወረቀት ቱቦውን ታቃጥላለች። ሕፃናት አጠገብ ካሉ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ባይኖኩላር፣ ቴሌስኮፕና ረዥም ሌንስ ከውጭ ይዞ የሚገባ ሰው ጉምሩክ ላይ ሊጠየቅ ስለሚችል ከጉዞው በፊት ያጣራ። በጦር ሰፈር፣ በአየር ማረፊያና በግድብ አካባቢ መሣሪያውን አያውጡ። ፓርክ ውስጥ ደግሞ ስካውቱን አብረው ያስመልክቱት፤ የትኛው መደብ ላይ ዛሬ ጠዋት ዋልያ እንደነበረ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሲጨርሱ አይፒሱን ከቱቦው ያውጡት፣ ቱቦውን በጨርቅ ይሸፍኑት። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አቧራ ጨው ስላለበት መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይቧጭረዋል፤ መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ ንፋስ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። ክረምት ሲገባ ሌንሱና አይፒሱ በጥብቅ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ይቀመጡ፤ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል።